ሰባት ቤት ያልሞላ ፍቅር

ሸዋረጋ አራጋው ያንን በጣት የሚነካ ስልክ የገዛችው ፍቅር ፈልጋ አይደለም፤ እንቅልፍ አላስነሳ ብሏት ነው። ኮምቦልቻ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ፈትል ክፍል ትሠራለች። የጠዋት ፈረቃ የደረሳት ሳምንት ታረፍዳለች፣ አለቃዋም ይቆጣታል። ደባሏ ፋጡማ የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ እሷንም ትቀሰቅሳት ነበር። ፈረቃቸው ሲለያይ ግን ቀስቃሽ ጠፋ፤ እናም የሚጮህ ስልክ ተገዛ። ስልኩ ከመጮህ ሌላ ብዙ ነገር ያውቅ ኖሯል። ፋጡማ ፌስቡክ ከፍታ ሰጠቻት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣጣ ሸዋረጋ ራሷ አመጣችው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ምላሰኛ ጎረቤት «ቆሞ ቀር» ለማለት አፉን የሚያሟሽበት ዕድሜ። እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። አባቷ አቶ አራጋው ይመር ደሴ፣ ሰኞ ገበያ እህል ይሸጣሉ። ሸዋረጋ እሑድ እሑድ ሚኒባስ ይዛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ትወጣና የአባቷን ልብስ አጥባ፣ ወጥ ሠርታላቸው ትመለሳለች።

አቶ አራጋው ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ሕመም ግን አለባቸው፣ ዘመድ የላቸውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከትውልድ አገራቸው ከጃማ ሲወጡ ከኋላቸው የተረፈ ወንድም፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ የሚባል አልነበረም። የሞተው ሞተ፣ የተሰደደው በዚያው ቀረ። በወሎ ምድር ሰው ሰላምታ ሲጨርስ «የማን ወገን ነህ?» ይላል፤ እሳቸው ይህችን ጥያቄ ይፈሯት ነበር። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ሁሉም ከወገኑ ጋር ተርታ ሲይዝ እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። «እኔ የሞትኩ ለት ማን ይቀበራል? አንቺ ብቻሽን አፈር ልታለብሽኝ ነው?» ይሏታል። እሷም «ሞት ምን አስቸኮለዎ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ቀን ታዲያ የደሴን ጭጋግ የሚያሳይ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አየች። አንዱ ሥራ ፈት ከተራራ ላይ ሆኖ ያነሳው ነው፤ ከተማው ጠፍቶ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የአንድ መስጊድ ሚናራ ብቻ ብቅ ብለዋል። ከሥሩ ደሳለው ደጉ የሚባል ሰው «እኛ ባለንበት አገር ይህን በገንዘብ እንኳ የሚሸጥልን ጠፋ» ብሎ ጽፏል። ሸዋረጋ «ና ውሰድ፣ እዚህ በነፃ ነው፤ ተርፎን በየቤቱ ይገባል» አለችው። ለማታውቀው ሰው እንዲህ መናገር ልማዷ አልነበረም። ሰውየው በጽሑፍ ሳቀና «ሁለት ኩንታል ላኪልኝ» አለ።

ደሳለው ዱባይ ነው ያለው፤ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። አባቱ አቶ ደጉ «እኛ ወሎዬዎች ነን» እያሉ አሳደጉት እንጂ ወሎን አንድ ቀን አላሳዩትም፤ እሳቸውም አላዩትም። ፀሐይ የማይደርስበት ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው የማያውቀውን የአባቱን አገር በስልክ ሲፈልግ፣ የአገሩን ልጅ አገኘ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ነበር፤ ኋላ በኢሞ መልክ ለመልክ መተያየት ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ከሥራ እንደወጣች ስለነበረች ደሳለው ፀጉሯን አይቶ ደነገጠ። «ሽበት ነው?» አላት። የጥጥ ብናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አሮጊቷ» እያለ ይጠራት ጀመር፤ እሷም አልጠላችውም። ኔትዎርኩ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ምስሉ ቀርቶ ድምፁ ይሄዳል፣ ድምፁ ቀርቶ ምስሉ ይሄዳል። ሸዋረጋ ድምፁ ሲጠፋ አትጨነቅም። ፈትል ክፍል ውስጥ በማሽኑ ጩኸት ሰው ሰውን አይሰማም፤ ሠራተኞቹ በከንፈር ነው የሚያወሩት። እሱ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብሎ ሲጮህ እሷ ከንፈሩን እያየች ያለውን ሁሉ ትመልስለታለች። ያን ጊዜ በመገረም አንገቱን ዘንበል ያደርግና የጆሮውን ጫፍ ይጎትታል። እሷ ያቺን ጆሮ መጎተት ወደደቻት።

«አንተን የት ነው የማውቅህ?» ትለው ነበር።

«በሕልምሽ» ይላታል፣ እንደ ወንድ ሁሉ።

ሕልም አልነበረም፤ ግን እሷ ምን ታውቃለች። የምታውቀው ከዚህ ሰው ጋር ስታወራ ሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ ተሳቅቃ እንደማታውቅ ነው። ከክርስትና ስሙ ጀምሮ የሚፈራውን፣ የሚያሳፍረውን፣ ለእናቱ ያልነገረውን ሁሉ ነገራት። እሷም ለማንም የማትለውን፣ የእናቷን ፊት ማስታወስ እንዳቃታት ነገረችው። ፋጡማ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች ተጋብታችኋል፤ የቀረው ድግሱ ነው» ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2009 መስከረም መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ ተረብሾ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የስልኩ ኢንተርኔት ተዘጋ። ደሳለው በቀጥታ ስልክ መደወል ጀመረ፤ ከዱባይ በቀጥታ መደወል ደግሞ ኪስ ያራቁታል። «አለሽ?» ይላል፤ «አለሁ» ትላለች፤ ይቋረጣል። የሳምንት ፍቅራቸው እነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ሆኖ ቀረ። ሸዋረጋ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ዕንባዋ ይወርዳል፤ ጓደኞቿ ብናኙ ዓይኗ ውስጥ የገባ ይመስላቸዋል። በታኅሣሥ ኔትዎርኩ ሲመለስ ደሳለው ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም» አላት። «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ አባቴ ሽማግሌ ይልካል።»

በሚቀጥለው እሑድ ነገረቻቸው። አቶ አራጋው እህሉን እያበጠሩ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«አይተሽዋል?»

«በስልክ።»

«በስልክ» አሉ። እጃቸውን አራግፈው «ደግ ነው?» አሉ።

«ደግ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ምን እላለሁ? ወሎዬ ነው ካልሽ ግን ዘሩ ይቆጠር። ወጉ ነው።»

ሸዋረጋ ደስታ ሊገድላት ደረሰ። ዘሩ ይቆጠር ማለት ነገሩ ገብቷል ማለት ነው፤ በሰው ፊት ሊነገር፣ ሊከበር ነው ማለት ነው። ክርስቲያን ሰባት ቤት ሳይሞላ እንደማይጋባ ማንም ያውቃል፤ ግን ኮምቦልቻና ዱባይን ምን ያዛምዳቸዋል? ሰው ጎረቤቱን ሲያገባ ይስጋ እንጂ ባሕር ማዶ ያለን ሰው ሲያገባ ምን ያሰጋዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለሷ ነው። ደሳለውን አጣድፋ፣ አባቱ የሚያውቁትን ያህል ቆጥረው ድምፃቸውን እንዲልኩ ያደረገችው ራሷ ናት።

ቆጣሪው አለቃ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ የጃማ ሰው፣ ደሴ አንድ ደብር ውስጥ ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ የጃማን ትውልድ ግን እንደ ዳዊት በቃላቸው የያዙ። በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከአቶ አራጋው ቤት ተቀመጡ። ሸዋረጋ ስልኩን በርጩማ ላይ አኑራ ድምፁን ከፈተችው። የአቶ ደጉ ድምፅ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ ሄዶ ደሴ የመጣው፣ ቤቱን ሞላው።

«እኔ ደጉ ነኝ። አባቴ መንገሻ፤ የመንገሻ አባት አሊ፤ የአሊ አባት እንድሪስ ነው፣ እንድሪስ ባለ በቅሎ ይሉት ነበር። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። አባቴ በክፉ ዘመን በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ከጃማ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ይኸው ነው።»

ክርስቲያኑ ደጉ አያቱ አሊ መሆኑ ማንንም አልገረመም። ወሎ ነው፤ ሐረጉ ሲመዘዝ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ተራ በተራ ይወጣል። አለቃ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ድገሚው እስቲ፣ ልጄ።»

ሸዋረጋ ደገመችው። በገዛ ጣቷ።

አለቃ በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። «የእንድሪስ ባለ በቅሎ ልጆች አሊና ወልዴ ናቸው። አንድ። የአሊ መንገሻ፣ የወልዴ አበጋዝ። ሁለት። የመንገሻ ይኸው ይህ የሚናገረው ደጉ፤ የአበጋዝ ደግሞ አባትህ ይመር። ሦስት። የደጉ ልጅዬው፣ የይመር አንተ። አራት። ያንተ ሸዋረጋ። አምስት።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ሰባት አልሞላም፣ አራጋው። ዘመድ ናቸው። እንዲያውም በቆጠራ ያንተ ወንድም ነው፤ የሷ አጎት።»

ሸዋረጋ አባቷን ዞራ አየች፤ ከፍርዱ የሚያድናት ሌላ ሰው አልነበረማ። አቶ አራጋው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የጆሯቸውን ጫፍ ይጎትታሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ የት እንደምታውቀው ለሁለት ዓመት የጠየቀችው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

አቶ አራጋው ግን የሚያለቅሱት ሌላ ለቅሶ ነበር። «የአሊ ዘር አለ? መንገሻ ወልዶ ነበር?» እያሉ የአለቃን ጉልበት ይስማሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ወንድም አገኘ። ሲረጋጉ ልጃቸውን አቀፏት። «እግዜር ነው የጠበቀሽ፤ ሳትነካኩ ደረሰልን። በስልክ የተወራ ወሬ ነው፤ ምን ቀረብሽ፣ ልጄ?»

ምን ቀረብሽ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ባል ሲፈታ ጎረቤት ይመጣል፤ በስልክ የተወደደ ሰው ሲቀር ግን «አይዞሽ» የሚል እንኳ የለም፤ ምን ነክቶሽ፣ ምን ወስዶብሽ ይሉሻል። እኔ ይህን ስሰማ ያበግነኛል። ያላቀፏት ሴት የማትደማ ይመስል።

ኮምቦልቻ ስትመለስ ፋጡማ ብቻ አለቀሰችላት። ቀጥሎም ተቆጣች። «አምስት ቤት ደግሞ ዘመድ ነው እንዴ? እኛ ዘንድ የአጎቷን ልጅ አግብታ ሰባት የወለደች አለች፤ ሸሪዓው ይፈቅዳል። ዝም ብለሽ ብትሄጂስ? ማን ይቆጥርሻል ዱባይ?»

ደሳለውም መጀመሪያ ሳቀ። «አዲስ አበባ ሰው አያቱን አያውቅም፤ አንቺ የአያቴን አያት ታመጪብኛለሽ?» አላት። ሳቁ ሲያልቅ ድምፁ ጠፋ፤ ኔትዎርኩ ነው። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። አልተውሽም፣ ይል ነበር። ያቺን ቀን ተስማሙ። እንደታሰበው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል፤ ሁለቱም አቶ አራጋው ፊት ቆመው «እኛ እንጋባለን» ይላሉ፤ ቢረግሙም ይርገሙ። ሸዋረጋ ዐቢይ ጾምን በሙሉ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ስታጠና ከረመች። ኃጢአት እንደሆነ ታውቃለች፤ ልቧ ግን ወስኗል።

አቶ አራጋው ደግሞ በበኩላቸው ሲሰናዱ ከርመዋል። ለሰኞ ገበያ ነጋዴ ሁሉ «ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነው» ብለው አውጀዋል፤ ሁለት በግ ገዝተዋል፤ ቤቱን ቀለም አስቀብተዋል። ደሳለው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ለት ሚኒባስ ተኮናትረው፣ ጎረቤት ጭነው ወረዱ። ሸዋረጋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አጥሩ ሥር ቆማለች። ደሳለው ሻንጣውን እየጎተተ ብቅ አለ፤ ከስልኩ ይልቅ አጠር፣ ከሳ ያለ ነው። አያት። እጁን አነሳ። ወደሷ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ግን አንድ ሽማግሌ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጠው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«ወንድሜ» ይላሉ አቶ አራጋው፤ «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ የት ኖረህ?»

ደሳለው የኪራይ ቤት ልጅ ነው፤ ከአባትና ከእናቱ ሌላ እንዲህ ያቀፈው ሰው አልነበረም። እጆቹ መጀመሪያ በአየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው የሽማግሌው ጀርባ ላይ አረፉ። ሸዋረጋ እነዚያን እጆች ስታይ ነው ነገሩ ማለቁን ያወቀችው፤ ሐረጎን እስኪወጡ ድረስ ግን እምቢ ብላ ተስፋ አደረገች።

ድግሱ ላይ ቤቱ ሞልቶ ሰው ውጭ ተርፎ ነበር። አቶ አራጋው ብርሌያቸውን ይዘው ቆሙ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል» አሉ፤ ሰው ሳቀ። «እኔ አመድ እንኳ አጥቼ ነበር። ትናንት ብሞት ሬሳዬን የሚያነሳ ጎረቤት ነበር፤ ዛሬ ወንድም አለኝ። ከእንግዲህ ሞትን አልፈራውም።» ከዚያ ብርሌያቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ።

ሁለቱ ያጠኑት ዓረፍተ ነገር የሚነገርበት ሰዓት እሱ ነበር። ሸዋረጋ ደሳለውን አየች፤ ደሳለውም አያት። እሷ ተነስቶ እንዲናገር ጠበቀች፤ እሱም እሷን ጠበቀ። በመጨረሻ ደሳለው ተነሳ። የሽማግሌውን እጅ ያዘና «አለሁ፣ ጋሼ» አለ፤ «እኔ አለሁልዎ።»

እልልታው ቀለጠ። አቶ አራጋው ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ልጃቸውን ጠሩ። «ምን ትገተሪያለሽ? አጎትሽን ሳሚ እንጂ።»

ሄደች። ሳመችው፤ ቀኝ ጉንጩን፣ ግራውን፣ ደግሞ ቀኙን፣ ዘመድ ዘመዱን እንደሚስም። ስልኩ ያልነገራትን አንድ ነገር አወቀች፤ ጉንጩ ይሞቃል፣ ጢሙ ይወጋል። ከዚያ ወጥ ልትጨምር ወደ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ አቶ አራጋው ወንድማቸውን ለገበያው ሊያስተዋውቁ ሰኞ ገበያ ይዘውት ወጡ፤ ሸዋረጋም ዘንቢል ይዛ ተከተለች። አባቷ ከአንዱ ነጋዴ ጋር ሲሳሳሙ፣ ግፊያው ሁለቱን አንድ ጥግ ላይ አገናኛቸው።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«አንቺስ?»

«አባቴ ነው።»

«እኔም ወንድሜ ነው ተባልኩ» አለ ደሳለው። ዓይኑ ቀልቷል። «እንዲያ እያለቀሰ ያቀፈኝን ሰው... አልቻልኩም፣ ሸዋ። ብርታቱ አነሰኝ።»

«እኔም አነሰኝ» አለች። አልዋሸችም፤ ቅያሜውም ስለዚህ የሚያርፍበት ሰው አጣ። አቶ አራጋው ከሩቅ ጠሯቸው። ሄዱ።

ደሳለው ወደ ዱባይ ተመለሰ። በየእሑዱ ለአቶ አራጋው ይደውላል፤ እሳቸውም አውርተው ሲጠግቡ «እንቺ፣ አጎትሽ ነው» ብለው ስልኩን ያቀብሏታል። «ደህና ነህ?» ትላለች። «ደህና ነኝ» ይላል። ኢሞውን ከስልኳ አጠፋችው። ጎረቤት ባል ሲያመጣላት «ቆይ» ትላለች፤ አባቷ «ይህች ልጅ ምን ሆናለች?» ይላሉ፤ የምር አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። አቶ አራጋው ግን ጎበጥ ማለታቸውን ትተው ለቅሶ ቤት መሀል መቀመጥ ጀምረዋል። ይህን ስታይ ደስ ይላታል፤ ደስታውም ያማታል።

በ2011 ደሳለው ጠቅልሎ አገሩ ገባና አዲስ አበባ ሀኒ የምትባል ልጅ አገባ። አባቱ ያገኙለት ልጅ ናት፤ ዘሯም በደንብ ተቆጠረ። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ለአቶ አራጋው እጅ ሊነሱ ደሴ መጡ፤ ሸዋረጋ አበላች፣ አጠጣች፣ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። ሲመለሱ ሊሸኟቸው ሁሉም በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ደሳለውና አቶ አራጋው ፊት ተቀምጠዋል። ሀኒ ከኋላ ሸዋረጋ አጠገብ ተቀመጠች፤ መልካም ልጅ ናት፣ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። የሐረጎ ጠመዝማዛ ሲጀምር ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«የምጠይቅሽ ነገር ነበረ፤ ግን እንዳትስቂብኝ። እኔ ገና ጥቂት ወር ነው ያወቅሁት። ዝም ሲል ያስፈራኛል። አንቺ ዘመዱ ነሽና ጠባዩን ብትነግሪኝ?»

ሸዋረጋ በመስኮቱ ወደ ገደሉ አየች። ዝም ልትል ትችል ነበር።

«ዝም የሚለው ሲከፋው ነው» አለች በመጨረሻ። «አኩርፎ እንዳይመስልሽ። ብቻውን አትተዪው፤ ስሙን ጥሪው፣ ይመለሳል። ጨለማ አይወድም፤ ምድር ቤት ብዙ ዓመት ስለኖረ ነው፤ መብራት ለማጥፋት አትቸኩዪ። እናቱን የሚፈራ ይመስላል እንጂ የሚሳሳላት ነው። ሲስቅ አፉን ከያዘ የምሩን አይደለም፤ ምን እንደሆነ ጠይቂው።»

ሀኒ አፏን ከፍታ ትሰማት ነበር። «በዓመት አንዴ ብትገናኙ ነው፤ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?»

«ዘመዱ አይደለሁ?» አለች ሸዋረጋ።

ሀኒ በምስጋና እጇን ያዘቻት፤ አውሮፕላን ማረፊያው እስኪደርሱም አለቀቀቻትም።